ልጄ ለምን ሞተር መረጠች?

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጋዜጣችሁን የማነበው በስልኬ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ፣ አውቶቡሴን አቁሜ የመነሻ ሰዓቴን ስጠብቅ። ለጋዜጣ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እጄ የለመደው መፍቻ እንጂ ብዕር አይደለምና ስህተት ካገኛችሁ አርሙልኝ።

ለመጻፍ የገፋፋኝ በዚሁ ዓምድ የወጣ የአንዲት እናት ደብዳቤ ነው። ልጃቸው በመጨረሻው የትምህርት ዓመቷ ምን ትምረጥ በሚለው ጉዳይ ቤታቸው መታመሱን ጽፈዋል። መደምደሚያቸው «ልጅ ምን ያውቃል፤ ወላጅ ይምረጥ» የሚል ነው። ከዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ደብዳቤውን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነብላት ነበር። «ስሚ፣ እንደኔ የሚያስብ ሰው አለ» እያልኩ። አሁን ግን ጉዴን ልንገርዎት።

የምኖረው ምሥራቅ ለንደን ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ላዳ፣ ኮሮላ፣ አይሱዙ፣ ያልፈታሁት የለም። ትልቋ ልጄ 17 ዓመቷ ነው። ዘንድሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ትጨርሳለች።

እዚህ እንግሊዝ አገር ተማሪው በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት አብዛኛውን ትምህርት ይጥልና ሦስት ያህል ብቻ ይዞ ይቀራል። የልጄ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ናቸው። ፈተናው ኤ ሌቭል ይባላል። ፈታኝ ድርጅቶቹ ብዙ ናቸው። የእሷ ትምህርት ቤት በፊዚክስ የሚያስፈትነው በኤኪውኤ ነው። ፊዚክሱ ሦስት ፈተና አለው፤ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሰዓት። የሦስተኛው ከግማሽ ትንሽ የሚበልጠው ስለ ላብራቶሪ ሥራ ነው። የቀረው ደግሞ በምርጫ ከሚወሰድ አንድ ርዕስ ይመጣል።

አምስት ርዕሶች አሉ። አስትሮፊዚክስ አለ፤ ስለ ከዋክብትና ስለ ቴሌስኮፕ። የሕክምና ፊዚክስ አለ። የኢንጂነሪንግ ፊዚክስ አለ፤ ስለሚሽከረከር ነገርና ስለ ሞተር። ኤሌክትሮኒክስ አለ። አምስተኛው ታሪክ ነክ ነው። ኤሌክትሮን እንዴት እንደተገኘ፣ ሰዎች ብርሃን ሞገድ ነው ወይስ ቅንጣት እያሉ እንዴት እንደተከራከሩ፣ አንስታይን ምን ይዞ እንደመጣ ያስተምራል።

ይህ የምርጫ ርዕስ ከጠቅላላው 250 ማርክ የሚይዘው 35 ነው። 14 ከመቶ መሆኑ ነው። ለ14 ከመቶ ይሄ ሁሉ ወሬ ትሉ ይሆናል። እኛ ቤት ግን ሦስት ሳምንት አኳርፎናል።

እኔ የሕክምናውን አልኩ። ለምን እንዳልኩ አበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ዝርዝሩን ስታሳየኝ ራጅ አለ፣ አልትራሳውንድ አለ፣ ኤምአርአይ አለ፣ የልብ ምት የሚለካበት መሣሪያ አለ። ዓይንና ጆሮ እንዴት እንደሚሠሩ ሳይቀር አለበት። «ይሄ ግማሽ ዶክተርነት እኮ ነው» አልኳት። ሳይታወቀኝ ድምፄ ከፍ ብሏል።

«አባ፣ ባዮሎጂ እኮ አልወሰድኩም» አለች።

ብዙዎቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈልጋሉ። ይህን ያወቅሁት ያን ዕለት ማታ ነው። ልጄ ባዮሎጂን ከተወች ዓመት አልፏታል። እኔ ደግሞ በየሰርጉና በየለቅሶው «ሐኪም ልትሆን ነው» እያልኩ ሳወራ ከርሜያለሁ። የሕክምና ፊዚክስ የሚለውን ስም ሳይ የተዘጋው በር መልሶ የሚከፈት መስሎኝ ነበር። ርዕሱ ስሙ ነው እንጂ የሐኪምነት መግቢያ አይደለም። ዩኒቨርሲቲውም የሚያየው የፊዚክስ ውጤቷን ነው፤ የትኛውን ርዕስ ወሰድሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም።

ርዕሱን ለማጣጣል አይደለም። እንዲያውም ደስ ይላል። ባለቤቴ ሆስፒታል ነው የምትሠራው። ልጅቷ ለእኔ ስትል መጽሐፉን ገልጣ ስለ አልትራሳውንድ ስታነብልን እናትየው ጆሮዋን ጣል አደረገች። ነፍሰ ጡር ስትታይ ሆዷ ላይ የሚቀባው ቀዝቃዛ ነገር ለማለስለስ ይመስላት ነበር። ለካ ነገሩ ሌላ ነው። በመሣሪያውና በቆዳው መሃል ትንሽ አየር ካለ ድምፁ ሁሉ ማለት ይቻላል ቆዳው ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ወደ ውስጥ የሚገባ የለም። ቅባቱ አየሩን ያስወጣና ድምፁን ያሻግረዋል። ባለቤቴ በማግስቱ ሥራ ቦታ ይህንኑ ለጓደኞቿ አስረድታ መጣች። እኔ ብሆን፣ እውነቴን ነው፣ ይህን ርዕስ እመርጥ ነበር። የምትፈተነው ግን እኔ አይደለሁም።

ልጄ የመረጠችው ኢንጂነሪንጉን ነው። ለምን እንደሆነ ለመናገር ወደ ባለፈው ክረምት ልመለስ።

አንድ ወዳጄ የመኪናውን ፍሪሲዮን እንድቀይርለት ለመነኝ። ግቢው ውስጥ መኪናውን አንስተን ካምቢዮውን አወረድን። ልጄ መብራት ልትይዝልኝ አብራኝ መጥታለች። ቮላኖው ተጎድቶ ስለነበር እሱንም ፈታሁት። ለማያውቅ፣ ቮላኖ ከሞተሩ ጀርባ የሚታሰር ከባድ ክብ ብረት ነው። ሞተሩ ሲፈነዳ የሚሰጠው ጉልበት ምት ምት ነው። ቮላኖው ያንን ምት ይዞ ሳይቆራረጥ ያዞረዋል። ልጅቷ በሁለት እጇ ልታነሳው ሞከረች። ከበዳት። አገላብጣ አየችውና «ጠርዙ ላይ ለምን ወፈረ?» አለችኝ።

11 ዓመት ጋራዥ ሠርቼ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

የማውቀውን ነገርኳት። ያኔ ፍጥነት የሚወድ ጎረምሳ ላዳውን ይዞ ይመጣና ቮላኖውን ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ አስልጡልኝ ይለናል። ሲቀል ሞተሩ ነዳጅ በሰጡት ቁጥር ብድግ ይላል። ግን ዋጋ አለው። ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ፍሪሲዮን ሲለቁትም ቶሎ ይጠፋል። ከመሃሉ ቢላጥ ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለውም። ከጠርዙ ትንሽ ሲነካ ግን መኪናው ሌላ መኪና ይሆናል። ይህን ቶርኖ ቤት ያሉት ሁሉ ያውቁታል። ለምን ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ልጄ ምንም አላለችም። ቤት ስንገባ የባለቤቴን የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ይዛ ወጥ ቤት ገባች። አንዱን ጫፍ ወንበር ላይ አስደግፋ ቁልቁለት አደረገችው። አንድ የቲማቲም ድልህ ጣሳ አመጣች። ሁለተኛ ደግሞ የኔን የፕላስተር ጥቅል፣ መሃሉ ባዶ የሆነውን። «እኩል ብለቃቸው የቱ ይቀድማል?» አለች። ታናሽ ወንድሟ ፕላስተሩ አለ፤ ቀላል ስለሆነ። እኔ ግን ተማርኩ ባይ ነኝ። «እኩል ይደርሳሉ» አልኩ። ከባድም ቀላልም እኩል ይወድቃል ብሎ ያስተማረን መምህር ትዝ ብሎኝ ነው።

ለቀቀቻቸው። ጣሳው ጥሎት ሄደ። አላመንኩም። «ድገሚው» አልኳት። ደገመችው፤ ጣሳው ቀደመ። ቦታ አቀያየርናቸው፤ አሁንም ጣሳው። ትንሹ ልጄ ሌላ ጣሳ አመጣ፤ ያም ፕላስተሩን ቀደመው። ባለቤቴ «ጠረጴዛዬን ልትሰብሩት ነው» ብላ እስክትመጣ ድረስ ቀጠልን።

ከዚያ አስረዳችኝ። የሚንከባለል ነገር ሁለት ሥራ አለበት። ወደፊት መሄድ አለበት፣ መሽከርከርም አለበት። ፕላስተሩ ክብደቱ በሙሉ ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዝ ላይ ያለ ክብደት ለመሽከርከር ብዙ ጉልበት ይበላል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጣጣው አራት እጥፍ ይሆናል። ለመሽከርከር ብዙ ስለሚበላ ለመሮጥ የሚተርፈው ያንሳል። ጣሳው ግን መሃሉም ሙሉ ነው።

«ብረቱን ጠርዙ ላይ የከመሩት ለዚህ ነዋ!» አልኩ። ትንሽ ብረት ይዘው ብዙ ጉልበት ሊያጠራቅሙበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ማትሪክ የተፈተንኩት በ1985 ዓ.ም. ነው። ክፍላችን ውስጥ ከ80 በላይ ነበርን። አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ ለአራት እንካፈላለን። የተማሪ ምርጫ የሚባል ነገር አልሰማንም፤ የመጣውን መሸምደድ ነው። ቀለበትና ሙሉ ክብ ለመሽከርከር ምን ያህል እንደሚከብዱ የሚሰላበት ቀመር ያኔ በቃሌ ነበር። አንዱ ላይ ግማሽ አለበት፣ ሌላው ላይ የለበትም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ግን ተጽፎ ቢመጣልኝ እመልሰዋለሁ። ከዚያ ጋራዥ ገባሁና 11 ዓመት ሙሉ ቮላኖ አቅፌ ኖርኩ። ቀመሩና ቮላኖው ግን ሳይተዋወቁ ቀሩ። ያስተዋወቀቻቸው ልጄ ናት፣ በድልህ ጣሳ።

እንግዲህ መስከረም ላይ ምርጫ ሲመጣ ኢንጂነሪንግ ማለቷ ከየት እንደመጣ ያወቀ አንድ ሰው ቢኖር እኔ መሆን ነበረብኝ። እኔ ግን ሦስት ሳምንት አኮረፍኩ። ያስታረቀችን ባለቤቴ ናት። «የአንተን ሙያ ስለመረጠች ነው የተናደድከው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ተቀየረ። የቤት ሥራዋን ልረዳት ከቻልኩ ዓመታት አልፈዋል። ስምንተኛ ክፍል አካባቢ ነው ያቆምኩት፤ በእንግሊዝኛውም በሒሳቡም በለጠችኝ። አሁን ግን ማታ ከሥራ ስመጣ ትጠብቀኛለች። መጽሐፏ ውስጥ ባለአራት ምት ሞተር በሥዕል አለ። የቆመው መስመር የጋዙ ግፊት፣ የተጋደመው ደግሞ ይዘቱ። መሳብ፣ መጭመቅ፣ መፈንዳት፣ ማስወጣት፤ እኔ በእጄ አሳያታለሁ፣ እሷ በእርሳስ ትስላለች። ናፍጣ ሞተር ለምን ካንዴላ፣ ማለትም ነዳጁን በብልጭታ የሚለኩስ ዕቃ፣ እንደሌለው ከእኔ ነው የሰማችው፤ አየሩን አጥብቆ ስለሚጨምቀው ሙቀቱ ብቻውን ናፍጣውን ያቀጣጥለዋል። በምላሹ ያስተማረችኝ አለ። ሥዕሉ ላይ መስመሩ ዞሮ ሲገጥም የሚከበው ስፋት አንድ ሲሊንደር አራቱን ምት ሲጨርስ የሠራው ሥራ ነው። በሴኮንድ ስንት ጊዜ አራቱን ምት እንደሚጨርስና ስንት ሲሊንደር እንዳለው ካወቁ ጉልበቱን በወረቀት ማግኘት ይቻላል። እኛ ሞተር ደከመ የምንለው በጆሮ ሰምተን ነበር። ለካ ያ ቅርጽ ሲሟሽሽ ኖሯል።

ፍሪጅም እዚያው ርዕስ ውስጥ ነው። ትንሹ ልጄ በበጋ ሲሞቀው የፍሪጁን በር ከፍቶ ፊቱ የሚቀመጥበት ጊዜ ነበር። ፍሪጅ ሙቀቱን ከውስጥ አውጥቶ በጀርባው በኩል እዚያው ቤት ውስጥ ይለቀዋል፣ የበላውን መብራት ጨምሮ። በሩ ሲከፈት ወጥ ቤቱ ይብስ ይሞቃል እንጂ አይቀዘቅዝም። እህቱ በስሌት አሳየችውና ተወው። እኔ ስቆጣው አልተወም ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ «አባ፣ ያንተን ሥራ አገኘሁልህ» ብላ አንድ ጽሑፍ ይዛ መጣች። እ.ኤ.አ. በ1953 ስዊዘርላንድ ውስጥ ኢቨርዶን በምትባል ከተማ በቮላኖ የሚሄድ የከተማ አውቶቡስ ነበር። ነዳጅ የለው፣ ከላይ የተዘረጋ ሽቦ የለው። ወለሉ ሥር 1.5 ቶን የሚመዝን ቮላኖ አለ። ፌርማታ ላይ ከመብራት ጋር ይገናኝና ቮላኖው በደቂቃ እስከ 3,000 ዙር ይሽከረከራል። ከዚያ በዚያ ጉልበት 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ ዛሬ ኪንሻሳ በምትባለው ከተማም 12ቱ ሠርተዋል። አፍሪካ ውስጥ፣ ያውም በዚያ ዘመን። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው ማን ይመነኝ። ሥዕሉን በስልኬ ይዤ እዞራለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ፤ የጻፍኩትም ለእሱ ነው።

እኛ ቤት ውስጥ ሕክምና፣ ኢንጂነሪንግ እያልን ስንባላ፣ ትምህርት ቤቱ ለካ ወስኖ ጨርሷል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ክፍሉ በሙሉ አስትሮፊዚክስ እንደሚማር ተነገራቸው። የምርጫ ቅጽ የሞሉት ለይስሙላ ነው ማለት ነው። ስሙ የተማሪ ምርጫ ነው፤ የሚመርጠው ግን ትምህርት ቤቱ ነው። ሌሎች ወላጆችን ስጠይቅ የብዙዎቹም ታሪክ ይኸው ሆነ።

ምክንያቱ አይጠፋኝም። ተማሪዎቹ 14 ናቸው፣ መምህሩ አንድ ነው። አንድ ሰው አምስት ርዕስ ሊያስተምር አይችልም። አስትሮፊዚክስንም አልጠላሁትም። ትንሹ ልጄ አገር ቤት ስንሄድ እንጦጦ ላይ የተተከሉትን ሁለት ቴሌስኮፖች ካላየሁ ብሎ ያስጨነቀን ነው፤ መስታወታቸው አንድ አንድ ሜትር ነው ሲባል ከራሱ ቁመት ጋር ይለካል። እሱ ሲደርስ ደስ ብሎት ይማረዋል። ያናደደኝ መጠየቃቸው ነው። የማይሰጡትን ለምን ይጠይቃሉ?

በወላጆች ቀን ሄድኩ። በሁለት ፈረቃ መሃል ስለነበር የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ ነው። መምህሩ ጥሩ ሰው ነው፣ በጥሞና አዳመጠኝ። በነገሩ መጨረሻ ላይ የነገረኝን ነው ሌሎች ወላጆች እንዲያውቁት የፈለግሁት። ተማሪው ለፈተና ሲመዘገብ የፊዚክሱ መለያ ቁጥር መጨረሻ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አለ። ኤ አስትሮፊዚክስ፣ ቢ ሕክምና፣ ሲ ኢንጂነሪንግ እያለ ይቀጥላል። ትምህርት ቤቱ ከፈቀደ አንድን ተማሪ ከክፍሉ ለይቶ በሌላ ፊደል ማስመዝገብ ይችላል። የሚያስተምራት ግን አይኖርም። ራሷ አንብባ ነው የምትፈተነው።

«እኔ አለሁላት» ልል ፈለግሁ። አፍሬ ዝም አልኩ። ልጄ ግን ከጎኔ ሆና «አባቴ ይረዳኛል» አለችው። መምህሩ የአውቶቡስ ሾፌር ልብሴን አየት አደረገና «ታዲያ ምን ቸግሮሽ» አለ። በሲ ተመዘገበች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወላጆች ይከቡኛል። ወሬው ተሰምቷል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ የትኛው ይቀላል? አንዱማ ሒሳብ ስለሚያንሰው ልጁን ታሪኩን እንዲወስድ አስገድዶታል። ልጁ ታሪክ አይወድም። እኔ መምህሩ ያለኝን ነው የምነግራቸው። የውጤቱ መቁረጫ ነጥብ ለየርዕሱ ለብቻው ነው የሚወጣው። አንዱ ዓመት አንዱ ርዕስ ቢከብድ ነጥቡም አብሮ ይወርዳል። ቀላሉን አድኖ ማትረፍ ብዙም አያዋጣም።

ደብዳቤ የጻፉትን እናት አላውቃቸውም። ቅር እንዳይላቸው። እሳቸው ልጅ ምን ያውቃል ብለዋል። እኔ ግን ልጄ ቮላኖ ስታገላብጥ አጠገቧ ነበርኩ። ያንን ረስቼ ነው ስለ ሕክምና ስጮህ የከረምኩት። ልጃቸው ምን ስታደርግ ሰዓቱ እንደሚያልፍባት እሳቸውም ሳያዩ አይቀሩም። ለትምህርት ቤቱ የሚነገር ነገር ካለም በጊዜ ይንገሩ፤ ምዝገባው ካለፈ ጩኸት አይሠራም።

የልጄ ሦስተኛ ፈተና ሰኔ ውስጥ ነው። ያ የተጎዳ ቮላኖ በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ በረንዳችን ላይ ተቀምጧል። ልጅቷ አላስጥልም ብላለች፤ ጥያቄ ሲከብዳት ወጥታ በእጇ ታዞረዋለች። ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄን ብረት መቼ ነው የምታነሳልኝ?» ትለኛለች። እስከ ሰኔ ታገሽኝ ብያታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች አባት
ከምሥራቅ ለንደን